ቀልዴ መርሳ ሲደርስ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ትናንት ቴሌግራም ላይ «ተማሪ ከምሆን ፍየል ብሆን ኖሮ ቢያንስ ለአረፋ እጠቅም ነበር» ብዬ ጻፍኩ። የክፍሌ ልጆች ሲስቁ ዋሉ። ይበልጥ የሳቁት ደግሞ እንደኔ የተጨነቁት ናቸው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ዘበኛ አስጠራኝ። እናቴ በር ላይ ቆማለች። እህቴ ጽሑፉን አንብባላት ኖሮ፣ ቤታችን ካለበት ከመርሳ በሚኒባስ ተሳፍራ ወልድያ ድረስ መጥታለች።

«እኔ ፍየል አልወለድኩም» አለችኝ፣ ገና ሰላም ሳትለኝ።

«ቀልድ ነው እማ። ሁሉም ተማሪ እንዲህ ይጽፋል።»

«ሁሉም ራሱን ይሰድባል?»

«ሰው ሳይስቅብኝ እኔው ቀድሜ ስስቅ ይቀለኛል።»

ጉንጬን ዳሰስ አደረገች። «ከቀለለህ ታዲያ ለምን ከሳህ?»

ከአጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጥንና የመውጫ ፈተናውን እንደፈራሁት፣ መጽሐፍ ስከፍት አንድ ገጽ እንኳ ማንበብ እንደሚያቅተኝ ነገርኳት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ በቀልድም ቢሆን። ብዙ አላባበለችኝም። እጄን ይዛ «አብሽር፣ አላህ ያግራልህ» ብቻ አለች።

በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ሳቁን ለጓደኞችህ ጻፍላቸው፤ ስትፈራ ግን ለኔ ደውልልኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። እደውል እንደሆነ ግን እንጃ።