ከኤም እስከ ዜድ

ጥቅምት 4

ዛሬ ሠላሳ ቃል ልይዝ ነበር። ስድስት ያዝኩ። ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ገባች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ መዝገበ ቃላቱን ከእጄ መንጭቃ ወሰደች።

«አንቺ ቀኑን ሙሉ ቤት ነሽ። እኔ መቼ ላጥና?»

ቤት ነሽ! አዎ፣ ቤት ነኝ። አምና የኮሌጅ መግቢያው ላይ በእንግሊዝኛ ሦስት ነጥብ ጎድሎኝ ነው ቤት የቀረሁት። ይኸው ዘንድሮ ከታናሽ እህቴ ጋር እኩል ልፈተን ነው። ትናንት አፍንጫዋን ስጠርግላት ከነበረች ልጅ ጋር...

ቀማኋት። መልሳ ቀማችኝ። ሽፋኑ ተገነጠለ። እማዬ ከጓዳ «አሁንስ አንገፈገፋችሁኝ!» ብላ ጮኸች።  አባባ የሚለውን አምና ብሎ ጨርሷል። «አንድ ዕድል አለሽ። በሚመጣው ዓመት ካልሆነልሽ የብርጭቆ ወረቀትሽን ይዘሽ ወደ እኔ ሥራ ቤት ነው።» ዕድሜ ልኬን የሰው ወንበር ስፈገፍግ? ሞቼ እገኛለሁ!

ጥቅምት 5

አባባ ፈረደ። አናጺ ነውና ፍርዱም የአናጺ ሆነ።

መዝገበ ቃላቱን ሥራ ቤቱ ወሰደው። ገጹን ቆጠረ። «ሰባት መቶ አራት። ለእያንዳንዳችሁ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት» አለ። መሃሉን ገልጦ ሞርሳው ላይ አሰረና ጀርባውን በቀጭኑ መጋዝ ገዘገዘው። መጽሐፍ በመጋዝ! ሲጨርስ እፍ ብሎ ሰጋቱራውን አራገፈ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ በሥራው ረካ። ከዚያ ሁለት ምስማር ከጀርባው ደብቆ አስመረጠን። ረጅሙ ለእሷ ደረሰ። ከኤ እስከ ኤል የሚጢጢ። ከኤም እስከ ዜድ የእኔ።

«እኩል ነው። ከእንግዲህ የጠብ ድምፅ እንዳልሰማ።»

የገላገለን መስሎታል እኮ...

ጥቅምት 6

ከገጾቹ መሃል አሁንም ብናኝ ይወርዳል። አላናግራትም።

ኅዳር 11

የጥግ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሠራተኛ የድሮ ፈተና ሰጠችኝ። አርባ ቃል። ከኤም በኋላ ካሉት አሥራ ዘጠኙ አሥራ ስምንቱን አገኘሁ። ከኤም በፊት ካሉት ሃያ አንዱ... አራት። አራት! ግማሽ ጭንቅላት ይዤ ነው ፈተና የምገባው።

ከየት ላምጣ? የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ለተማሪ ብቻ ነው፣ እኔ አሁን የግል ተፈታኝ ነኝ። ቤት ያለው የአባባ ስልክ ከመደወል ሌላ ነገር አያውቅም።

ከራት በኋላ ሚጢጢ የክፍሌ በር ላይ ቆመች። እሷም ያንኑ ፈተና ሠርታ እንደኔው ጉድ ሆናለች።

«ለአንድ ሳምንት እንለዋወጥ?»

«ሰጥቼሽ ልታስቀሪው?»

«እኔስ ብሆን ልታስቀሪብኝ አይደል? ተዪው በቃ።»

እውነቷን ነው፣ አስቀርባት ነበር። የእሷን ግማሽ ትራሷ ውስጥ እንደምትደብቀው አውቃለሁ። እኔም የኔን ፍራሼ ሥር ነው የማስቀምጠው። በመጨረሻ በቃል ተስማማን። በቀን አምስት እኔ እነግራታለሁ፣ አምስት እሷ ትነግረኛለች። በሩ ላይ ቆመን። ከዚያ በር ዝግት።

ኅዳር 12

ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ቃል ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ሠርታ መጥታለች። ማን ጠየቃት? ቀበጥ!

ኅዳር 23

ቆርቆሮ ዛሬ ሥራ ቤት መጣ። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ነው። በድምፁ ምክንያት ያወጣንለትን ስም እስከ ዛሬ አላወቀም። መደርደሪያ አዝዞ ነበር። እኔ ከጣውላው ክምር ጀርባ ቫርኒሽ ስፈልግ ሰማሁት።

«ትንሿ ያለ ጥርጥር ትገባለች። ትልቋን ግን አትድከምባት፣ ሙያ አስይዛት።»

አባባ «እኔም እሱኑ ነው የማስበው» አለ። አባቴ! ሚጢጢስ? ሜትር ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ሳቀች። በጆሮዬ ሰማኋት።

ማታ በሩ ላይ መጣች፣ ደብተሯን ይዛ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። አራቱን በትክክል ነገርኳት። አምስተኛው «ስኬርስ» ነበር። የማይገኝ፣ እጥረት ያለበት።

«በየቦታው የሞላ፣ የተትረፈረፈ» አልኳት።

ጻፈችው። አመሰገነችኝ። እኔም «ምንም አይደል» አልኳት።

ታኅሣሥ 9

«ሪላክታንት»፦ ልቡ የማይፈቅድለት፣ የሚያመነታ። «በደስታ የሚያደርግ» ብዬ ሰጠኋት። «ቫልነረብል»፦ በቀላሉ የሚጎዳ። «የማይደፈር።» እስካሁን አራት። በየቀኑ አላደርገውም፣ ትነቃለች። በሳምንት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት።

ውሸት ደግሞ እንዲህ ያደክማል? እውነተኛውን አጥርቼ ካላወቅሁት መገልበጥ አልችልም። የዋሸሁባትን ቃላት በሕልሜ እንኳ አልረሳቸውም።

ጥር 2

ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ መሰለኝ። እኔ ካደረግኩት... እሷስ? እሷም እያደረገችው ቢሆንስ? አምስት አምስት እያልኩ መርዝ ስጠጣ ከርሜ ቢሆንስ?

ጥር 3

የፎቶ ኮፒ ቤቷን ሠራተኛ ለመንኳት። ደንበኛ እስኪመጣ ስልኳን ሰጠችኝ። ሃያ ሁለት ቃል አየሁ።

ሁሉም ትክክል። አንድ እንኳ! አንድ እንኳ ስህተት አይገኝም? ብታታልለኝ ኖሮ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር። እኩል እንሆን ነበር።

«ግራጅ»ንም አየሁት። ቂም። ትክክል ነው። የሚጢጢ ምሳሌ ደብተሬ ላይ በራሴ እጅ ተጽፏል፦ «እህቴ ቂም ይዛብኛለች፣ ምን እንዳደረግኳት ግን አላውቅም።» ያን ቀን ስጽፈው ልብ አላልኩትም። አላውቅም ትላለች! ስትስቂ ታውቂ የለ?

የካቲት 17

አሥራ ሁለት ደረሰ። ይበቃል። ነገ እነግራታለሁ።

የካቲት 18

አልነገርኳትም። እማዬ ምሳ ላይ «ከእህትሽ ጉብዝናን ብትማሪ ምን አለበት» አለችኝ። ማታ አሥራ ሦስተኛውን ሰጠኋት።

ግንቦት 29

ፈተናው አራት ቀን ቀረው። አሥራ አራት ላይ ቆሜያለሁ። መጋቢትና ሚያዝያን አንድም አልጨመርኩም። ማን ያመሰግነኛል? ቤት ያቃጠለ ሰው ክብሪት መጫር ተውኩ ቢል...

ሚጢጢ ጓዳ ውስጥ ለእማዬ ጮክ ብላ ስታነብላት ሰማሁ። «ቫልነረብል፣ የማይደፈር። አባባ ቫልነረብል ነው!» እማዬ ምኑም ሳይገባት ሳቀች። 

ሰኔ 3

ዛሬ ነበር።

ጠዋት አብረን ወጣን፣ አባባ «አብራችሁ ሂዱ» ስላለ ብቻ። አሥራ አራቱን ከነትክክለኛ ፍቺያቸው በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። የፈተናው ግቢ በር ሲታይ ሰጠኋት።

«ምንድን ነው?»

«እነዚህን ስነግርሽ... ስህተት ነበሩ። ትክክለኛው ይሄ ነው።»

ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ጆሮዋ ቀላ።

«ስድስት ወር የያዝኩትን ፈተና በር ላይ ልታምታቺብኝ ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ታዲያ ያኔ የነገርሽኝ ምን ነበር?»

«ውሸት።»

«ለምን?»

ለምን... ሳቅሽ ልበላት? በአንድ ሳቅ ልበላት?

«አየሽ? ምክንያት እንኳ አላዘጋጀሽም! ዓመቱን ሙሉ እንደ ሰው ያናገርሽኝ በዚያ በር ላይ ብቻ ነው። እሱንም ዛሬ ልትቀሚኝ?»

ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችውና ጥላኝ ሄደች። ጠራኋት። ዞር አላለችም።

ከፊቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር የተቀመጠችው። ሰባተኛው ጥያቄ «ስኬርስ»። ጀርባዋን አየሁ። ሳታመነታ ታጠቁራለች፣ እሱንም እንደዚያው አጥቁራው ይሆናል። አሥራ ዘጠነኛው «ሪላክታንት»። አሁንም እጇ አልቆመም። እኔም ሁለቱንም በትክክል መለስኩ። እንዴት እረሳቸዋለሁ?

ከአሥራ አራቱ አራቱ ወጡ።

ነሐሴ 20

ውጤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አልፌያለሁ። በሰባት ነጥብ አልፌያለሁ።

ሚጢጢ ሁለት ነጥብ ጎደላት።

ሰው ሁሉ ሲገፋፋ እሷ ስሟ ላይ ጣቷን አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።  አየችኝ ብቻ። ያን ጊዜ ገባት።

ነሐሴ 21

አባባ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ትልቋ እኮ ገባች!» ይላል። ቆርቆሮም ሊመርቀኝ መጣ። «እኔ ድሮም ብያለሁ» አይለኝም? ዓይኑን በጨው አጥቦ! ወደ ሚጢጢ ዞሮ ደግሞ «አንቺ ሙያ ልመጂ» አላት። የብርጭቆ ወረቀት ይዛ ወንበር ትፈገፍግ ነበር። ማንም አልሳቀም። የተመኘሁት ሁሉ ሆነልኝ፣ ምሳዬን ግን መብላት አልቻልኩም።

ነሐሴ 22

ለአባባ ነገርኩት። ሁሉንም፣ አንድ በአንድ።

ሳቀ። «እህትሽ እንዳትሸማቀቅ ብለሽ ነው? ደግ ነሽ። አምና ሦስት ነጥብ ሲጎድልሽ ማን ነበር የዋሸሽ?» አለኝ። ብምል ብገዘት አላመነኝም። ሚጢጢን «እስቲ አንቺ ንገሪው» አልኳት።

«ምኑን?» አለች፣ ቀና ሳትል።

ነሐሴ 25

የኔን ግማሽ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። ደብተሯን አወጣችና በበሩ ላይ የነገርኳትን ቃል ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ከመጽሐፉ ጋር ታመሳክር ጀመር። ትክክለኞቹንም። አንድም አልዘለለችም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ላግዛት አልኩ።

«አያስፈልግም።»

መስከረም 8

ነገ ወደ ኮሌጅ እሄዳለሁ። ሻንጣዬን አባባ ራሱ በገመድ አሰረልኝ። እማዬ ስትመርቀኝ አለቀሰች።

ከራት በኋላ የሚጢጢን በር አንኳኳሁ። ዓመቱን ሙሉ እሷ ናት የኔን ስታንኳኳ የከረመችው። ከፈተች።

«ይቅርታ» አልኳት።

«ትቼዋለሁ።»

«የምርሽን?»

«የምሬን።»

«ደህና ነሽ ግን?»

«ደህና ነኝ። ደግሞ ደስ ብሎኛል፣ እንኳን አለፍሽ» አለች። ድምፁ የሚጢጢ ነው። ፊቷን አየሁ፣ ዓይኗን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። እውነቷን ይሁን ውሸቷን ማወቅ አልቻልኩም።