በኮሪደሩ ስለተሰቀለችው ልጄ

ለተከበሩት ርእሰ መምህራችን፣
ካሉበት ይድረስዎ

አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። በተለይም ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ በድምፅ ማጉያ «ትችያለሽ» ሲል የዋለው ጉሮሮዎ ተሽሎት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ሥራ እገባለሁ፤ ሰው ሰላም ሲለኝ እመልሳለሁ።

የአምስተኛ ክፍሏ ልጅ አባት ነኝ፤ ሊፍት ጠጋኙ። ይህን ደብዳቤ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ እችል ነበር። ነገር ግን ጉዳዩን ሰው ሁሉ ያየው በወላጆች የስልክ ቡድን ውስጥ፣ በመቶ አርባ ሰው ፊት ስለሆነ፣ እዚያው ላይ ማስቀመጡ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤታችን ልጆቻችንን ለሦስት ቀን ጫካ ውስጥ ወዳለው የጀብዱ ካምፕ ስለወሰደልን፣ በመጨረሻውም ቀን ወላጆችን ጠርቶ የሥልጠናውን ፍሬ ስላሳየን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በሁለት ዛፎች መካከል፣ በሦስት ፎቅ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የገመድ ድልድይ ጠንካራ ነበር። በሙያዬ ገመድ አውቃለሁ፤ ማያያዣውንም ቀበቶውንም መርምሬ እንከን አላገኘሁበትም። የመረመርኩት ገመዱን ብቻ መሆኑ የገባኝ የኋላ ኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጄ ድልድዩ መሐል ደርሳ ስትቆምና «አውርዱኝ» ስትል፣ ልጆቹ «ንስር» የሚሉት አሠልጣኝ ለሰነድ ያሳየው ታማኝነት አስደንቆኛል። የፈቃድ ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ላይ እያሳያት፣ አባቷ ምንም እንደማትፈራ በፊርማው ስላረጋገጠ ማውረድ እንደማያስፈልግ በትዕግሥት አስረዳት። እርስዎም ማንም ተማሪ ከዚያ ድልድይ ተሸንፎ እንደማይወርድ፣ ይህም የትምህርት ቤቱ መመሪያ እንደሆነ አከሉበት። መመሪያ የሚያከብር ሰው በጠፋበት ዘመን፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አየር ላይ አቁሞ መመሪያ የሚያነብላት ተቋም ማግኘት መታደል ነው።

ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

«ልጅዎ የሚፈራው ነገር ካለ ይጥቀሱ» ከሚለው ትይዩ «የሊፍት ጠጋኝ ልጅ ምን ትፈራለች? ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ቀልድ መሆኑ ነበር። እናቷ ሸሚዝ እየተኮሰች፣ እሷን ጠይቃት እንጂ አለችኝ። ልጄ ከወዲያኛው ክፍል ነበረች። በሩም ክፍት ነበር። አልጠየቅኋትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ከእስክሪብቶ የወጣው ሦስት ፎቅ እንደሚወጣ ግን አላወቅሁም።

ሦስተኛ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

በእኛ ሥራ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ ማጥፊያው ላይ የራሱን ቀይ ካርድ ይሰቅላል። ያንን ካርድ ከሰቀለው ሰው በቀር አለቃም ቢሆን አያነሳውም። ውስጥ ያለው ሰው «አቁሙ» ካለ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ለምን ተብሎ የሚጠየቀው ከወጣ በኋላ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ደንብ ሠርቻለሁ፤ ለጀማሪዎችም አስተምራለሁ። ልጄ ከላይ ሆና ንስርንም እርስዎንም ትታ በዓይኗ እኔን ፈለገች። «አባዬ፣ አንተ ንገራቸው» አለች። እኔ ግን ያየሁት ግራና ቀኜ የቆሙትን ወላጆች ነው። ከዚያ አጨበጨብኩ። አይዞሽ የኔ አንበሳ እያልኩ። ሌሎቹም ተከተሉኝ። መዳፌ ሲግል ይታወቀኛል።

ተሻገረች። ስለዚህ በሪፖርትዎ «መቶ በመቶ ተሳክቷል» ማለትዎ ልክ ነው።

አራተኛ፣ ፎቶዋን በር አሳክለው፣ ከሥሩ «ድፍረት» ብለው ጽፈው፣ በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ስለሰቀሉልን እናመሰግናለን። ፎቶውን ያነሳሁትም፣ ኮርቼ ለቡድኑ የላክሁትም እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ ትንሽ ነበር። እርስዎ ሲያጎሉት ግን፣ ግራጫ ሱሪዋ ላይ እስከ ጉልበቷ የወረደ ጠቆር ያለ እርጥበት ይታያል። ጥላ አይደለም።

ልጄ በዚያ ኮሪደር ማለፍ ትታለች። በጓሮ፣ በጭቃው ዞራ ስለምትገባ ታረፍዳለች። ስለማርፈዷ የላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ደርሶኛል፤ ሦስቱን ሳላነብ ፈርሜ መልሻለሁ። አራተኛውን አነበብኩት። ያን ቀን ጠየቅኋት። ስለ ሱሪዋ እዚህ ልጻፍ ወይስ ልተወው ብዬ ፈቃዷን ስጠይቃት፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል መለሰችልኝ፦

«ጻፈው። ሁሉም አይቶታል እኮ። ያላየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። ሰኞ የክፍሏ የንባብ ሰዓት ስለሆነ መምህሯ ሁሉንም አሰልፋ በዚያ ኮሪደር ታሳልፋለች፤ ያን ቀን በጓሮ መዞር የለም። ከሰኞ በፊት ፎቶው ይውረድልን። እሷ «አውርዱኝ» ካለች ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

ግድግዳው ባዶ ሆኖ እንዳይከፋዎ ምትክ አያይዣለሁ። አንዲት ወላጅ ያነሱኝ ፎቶ ነው፤ ከድልድዩ ሥር ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ ሳጨበጭብ። ይህንኑ በር አሳክለው ይስቀሉት። ከሥሩ የሚጻፈውን ቃል ለእርስዎ ትቻለሁ።

የድምፅ ማጉያዎ ባትሪ አይለቅ፣ መመሪያዎም አይታጠፍ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ፊርማው ሳይለፉ የሚገኝ ታዛዥዎ፣

የልጅቱ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጪው የሐይቅ ላይ ቀዘፋ የላኩልን ቅጽ ተሞልቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የሞላችው ልጄ ራሷ ናት፤ እኔ የፈረምኩት ካነበብኩት በኋላ ነው። ንስር ይህንንም ኪሱ ውስጥ እንዲይዘው አደራ ይበሉልኝ። «ልጅዎ የሚፈራው ነገር ካለ ይጥቀሱ» ከሚለው ትይዩ፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ ሦስት ቃል ሰፍሯል፦ «አባዬ ከታች ሲያጨበጭብ።»