እጃቸው ንጹሕ የነበረው የቫይረስ ተመራማሪ

እኅታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ለአባታቸው የዓይን ማረፊያ፣ ለእናታቸው ደግሞ የራስ ምታት ነበሩ። አባጨጓሬ ከጎመን ላይ እየለቀሙ በክር ሳጥን ውስጥ ስለሚያሳድጉ፣ እናታቸው “የሰው ልጅ አሻንጉሊት ታቅፋለች፣ የእኔዋ ትል!” እያሉ ያማርሩ ነበር። ሰፈሩም “የትል እናት” የሚል ስም አወጣላቸው፤ በዚያ ሲጠሩም “አቤት” ይሉ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት ትምህርት ተመርቀው በአንድ የሰብል ተባይ ምርምር ክፍል ተቀጠሩ። በ1983 ዓ.ም. ከመኪና መካኒክ ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸውም ቀድመዋቸው አርፈዋል።

ሥራቸው አባጨጓሬን የሚገድል ቫይረስ በትሉ ገላ ውስጥ ማራባት ነበር፤ ገበሬው በመርዝ ፋንታ እንዲረጨው። ከጸሎት መልስ፣ ትምህርት ያልገፋው ታናሽ ወንድማቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ይህን ሲያስረዱት ያዳምጣቸው ነበር። ቫይረሱ ከቅጠል ጋር ተበልቶ አንጀት ይደርሳል፤ ሴሉን ሰብሮ እስከ አስኳሉ ይዘልቃል፤ ዲኤንኤውን እዚያ ያራግፋል። በሴሉ መሣሪያ መጀመሪያ የራሱን ገልባጮች ያሠራል፤ እነርሱም እንደ ቀለበት የተያያዘውን ዲኤንኤ ፈልቅቀው ይገለብጡታል፣ ቅጂውንም መልሰው ይገለብጡታል፤ አስኳሉ እስኪያብጥ።

“ሴሉ ታዲያ ዝም ብሎ ያያል?” አለ ወንድማቸው።

“እቴ! ምን ይበል? ትእዛዙ የተጻፈው እሱ በሚያነበው ፊደል እኮ ነው።”

“ይኼስ ማጀት ገብቶ በድስትሽ የሚደግስ እንግዳ ነው!” ቢላቸው፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንድ ዓመት የክፍሉ ኃላፊ፣ ትል ማርባቱ አድካሚ ነው ብለው፣ ቫይረሱ ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ ብቻ እየተዛወረ ከትሉ በተነጠለ ሴል ላይ እንዲራባ አዘዙ። እኅታችን “ጌታዬ፣ መሐል መሐሉን ወደ ትሉ እንመልሰው፤ አለዚያ ይደክማል” ብለው ለመኑ። ሰሚ አላገኙም። የተረጨው ቫይረስ ትሉን ሳይገድል ቀረ፤ ማሳውም ተበላ። ኃላፊው በስብሰባ ፊት ቆመው፣ “የዚህች ሴትዮ ቆሻሻ እጅ ነው ብልቃጡን ያበላሸው” አሉ። እኅታችን ከቤተ ሙከራው ተነሥተው ብልቃጥ አጣቢ ሆኑ።

እርሳቸው ግን ከሚታጠበው ብልቃጥ ዝቃጩን እያስቀሩ መረመሩ። እጃቸው አልነበረም ጥፋቱ። በተደጋጋሚው ቅጂ መሐል ከዲኤንኤው ከፊሉን የጣሉ ጎዶሎ ቫይረሶች ተፈጥረዋል፤ አጭር ናቸውና ቶሎ ይገለበጣሉ፣ ሙሉውንም ያጥለቀልቁታል። ይህን ጽፈው ለኃላፊው ሰጡ። ጽሑፉ በኃላፊው ስም ብቻ ታትሞ ወጣ፤ ሽልማትም አስገኘላቸው። “ቆሻሻ እጅ” የሚለው ስም ግን ከእኅታችን ላይ ሳይነሣ ቀረ።

በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ወንድማቸው ነገሩን ለፈጣሪ እንዲተዉት ለመናቸው። “ይቅርታዬን ለፈጣሪ ሰጥቻለሁ” አሉት። “ስሜን ግን ለሰውዬው አልሰጠሁም።” ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አረፉ። ልጃቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላ ቀርተዋል።

በማግስቱ ኃላፊው ስልክ ደውለው፣ እንደ አለቃቸው የሕይወት ታሪካቸውን እኔ ላንብብ አሉ። የእኅታችን ልጅ “እምቢ በላቸው እንጂ፣ አጎቴ!” ብላ አለቀሰች። “ተዪ፣ ያንብቡ” አላት። ዛሬ ጠዋት ወንድማቸው የጻፈው ይህ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ኃላፊው ሳይገልጡት ኪሳቸው ከትተውት ይሆናል፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ሳያነቡ መቀበል የቆየ ልማዳቸው ነው።

እናንት ለቅሶ ደራሾች፣ እስካሁን የሰማችሁት ከኃላፊው ከራሳቸው አንደበት ነው። ቀጣዩን ቢዘሉትም በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ታትሟል፦ ብልቃጡን ያበላሸው የእኔ ትእዛዝ እንጂ የእርሷ እጅ አልነበረም፤ ግኝቱ የእርሷ ነው፤ የወሰድኩት እኔ፣ ይህን የማነብላችሁ ሰው ነኝ።

እግዚአብሔር የእኅታችንን ነፍስ ከእውነተኞቹ ጋር ያሳርፍልን። ለአንባቢያችንም ይህችን ቀን የሚያስታውሱበት ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። አሜን።