የኦፎሪ ግራ እጅ

ልጄ አሳቢያ፣ ለንደን ያደረሰሽ አምላክ ከብርዱም ይሰውርሽ። የላክሁልሽን ሹራብ ልበሽው እንጂ!

ወንድምሽ ኦፎሪ ለእንግሊዞቹ ከዘመተበት ከበርማ ጦርነት ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን እዚያው ቀረ። እንግሊዛዊው የወረዳ ገዢ ኒሻን ሲሰጠው በግራው ተቀበለ። በግራ መቀበል እኛ ዘንድ ስድብ አይደል? ገበያው ሁሉ ክው አለ። ፈረንጁ ግን ምኑም አልገባውም፣ ፈገግ አለ።

«እማዬ፣ እንግሊዞቹን አንድ ምሽግ ጉድጓድ ውስጥ አብረውን ሲንቀጠቀጡ አየናቸው፤ አብረውን የዘመቱት ናይጄሪያውያንም አይተዋል። ከእንግዲህ ማን ይፈራቸዋል?» ይለኛል ኦፎሪ።

አሁን ሁለት እጅ ያላቸው ዘማቾች ሳይቀሩ ገዢውን በግራ ይጨብጡታል። እንዳይታሰሩ ፈራሁ። ትናንት ግን ገዢው ገበያ ላይ ከእኔ ብርቱካን ሊገዛ ሲመጣ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እኔም በግራዬ አቀበልኩት። ቀኜ ባዶውን ነበር።

እዚያ ለንደን ያሉት፣ እንደ ኦፎሪ ለእንግሊዞቹ የዘመቱት የጃማይካ ሰዎችስ ምን ይላሉ? ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

አምላክ ቀኝ እጅሽን ይባርክልኝ። ግራሽንም።

እናትሽ