ለከድር፦ ስለ አውስትራሊያው ክለብ ደብተሮችህ

ከድርዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ስለ ጤናችን ከጠየቅከኝ ደህና ነን። ስለ ሆዴ ከጠየቅከኝ ግን ሰሞኑን የበላሁት አልረጋ ብሎኛል። በሽታ አይደለም፤ ወንድሜ ሙስጠፋ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የነበረችውን ሱቅህን አሁን ሙስጠፋ ይዟት የሞባይል ልባስ ይሸጥባታል። ብርሃን እንዲገባልህ የለመንክላት መስኮት በፖስተር ተሸፍናለች። የስፌት መኪናህን አምጥተን እዚህ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ፣ ከአልጋህ አጠገብ አስቀምጠነዋል። ሁለት ጎልማሶች እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክመውት ሲወጡ አንተን እየወቀሱ ነበር፤ ምን አለበት ቀለል ያለ ቢገዛ እያሉ። ልጃችን ሰሚራ ሜክሲኮ አደባባይ ባንኩ ውስጥ እንደምትሠራ ነች፤ አድጋለች፣ አፏም አብሮ አድጓል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ቆሻሻቸውን ዛሬም በራቸው ላይ ያሳድራሉ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አፍንጫዬን በሻርፔ ጫፍ እይዛለሁ። ያ ሽታ ሲያስጠላኝ የኖረ ነገር ነበር፤ አሁን ግን የባሰ አየሁ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ሊያነበው ይችላልና ከሥሩ ልጀምር። አንተ ሱሪ ሰፊ ነበርክ። በሱቅህ ጥግ መዳፍ የምታህል ቴሌቪዥን ነበረችህ። ሰው ሁሉ የእንግሊዝን ኳስ እየጠበቀ አንተ የአውስትራሊያውን ያዝክ፤ ምክንያትህም እነሱ ሲጫወቱ እኛ ገና ረፋድ ላይ ስለሆንን፣ ደንበኛ ሳይበዛ አንድ ሱሪ እየሰፋህ ማየት ስለሚመችህ ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ ስታይ አንድ ክለብ እየተቀጠቀጠ ነበር አልከኝ። ዝናብ ይዘንባል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ዘርግቶ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ቁጭ ብሏል። ለዚያ ሽማግሌ ስትል ክለቡን ወደድከው። እኔ አበደ አልኩ። ሰፈሩም አላረፈም፤ ስምህን ትቶ «አውስትራሊያ» ይልህ ጀመር።

ከዚያ መመዝገብ መጣ። የደንበኞችህን ልክ በምትጽፍበት ረጅም ደብተር ላይ፣ በግራ ገጽ ወገብ፣ ጭን፣ ቁመት፤ በቀኝ ገጽ ክለቡ። ከሁሉ በላይ ጎል ያገባው ማን ነው፣ ከሁሉ በላይ የተሰለፈው ማን ነው፣ ትልቁ ድል፣ ትልቁ ሽንፈት፣ ብዙ ተመልካች የገባበት ቀን፣ ጥቂት የገባበት ቀን፣ በረኛው ሳይደፈር የወጣባቸው ጨዋታዎች፣ ቀይ ካርድ። ደስ ከሚልህ ድል ይልቅ ሽንፈቱን አሳምረህ ትጽፍ ነበር። ጨርቅ ሁለቴ ተለክቶ ነው የሚቆረጠው እንደምትለው፣ ቁጥሩንም ሁለት ቦታ ሳታይ አትጽፍም ነበር። ከውርርድ ቤት የሚመጡ ልጆች ነገ ማን ያሸንፋል ብለው ሲጠይቁህ፣ እኔ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አልመዘግብም ብለህ ትመልሳቸዋለህ። አንድ ቀን እንኳ ተወራርደህ አታውቅም።

ከሁሉ የሚያኮራህ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ነበር። የአውስትራሊያ ውድድር በጥቅምት ተጀምሮ በግንቦት ያልቃል። ለፈረንጅ ይህ ሁለት ዓመት ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው፤ ዓመቱን በጭረት ከፍለው ይጽፉታል። በእኛ ግን መስከረም ካለፈ በኋላ ጀምሮ ጳጉሜ ሳይደርስ ስለሚያልቅ አንድ ዓመት ውስጥ ቁጭ ይላል። ይህን ያወቅክ ቀን ልክ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ነበር የሆንከው። የእነሱን ኳስ የእኛ ካላንደር ነው በልኩ የሰፋው ብለህ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አወራህ። ደብተርህ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ለአንድም ሰው ግን ይህን ሽፋኑ ላይ አልጻፍክም፤ ማን ሊያነበው ብለህ ትጽፋለህ!

የስኳር ሕመሙ ዓይንህን ሲይዘው እኔ አንባቢ ሆንኩ። ስልኩን ይዤ ከአጠገብህ እቀመጣለሁ፣ ቁጥሩን እነግርሃለሁ፣ አንተ በትልልቁ ትጽፋለህ። የፈረንጁ ታኅሣሥ ሳያልቅ ከሆነ ከዓመታቸው ሰባት ቀንስ፣ ጥራቸው ከገባ ስምንት ቀንስ። ልጆች የማባዣ ሠንጠረዥ እንደሚይዙ ያዝኩት። እጅ እጅ ይለኝም ነበር፤ አልዋሽህም። በዓለም ጫፍ ያለ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ቀይ ካርድ እንዳየ ለማወቅ የሽንኩርቴን ሰዓት ትበላለህ እያልኩ ተነጫነጭኩብህ።

በተዕዚያህ፣ በለቅሶህ ላይ፣ ሙስጠፋ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። አሥራ አምስት ዓመቱ እያለ አምጥተህ ያሳደግከው፣ ሥራ ያስያዝከው ወንድሜ ነውና ማልቀሱ አልገረመኝም። ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት ደብተሮቹን ለማስታወሻ ስጪኝ አለኝ። አምስቱንም በፌስታል አድርጌ ሰጠሁት። ገላገለኝ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ያን ፌስታል ሳቀብለው የተሰማኝን እፎይታ ዛሬ ሳስበው ገላዬ ይሸማቀቃል።

ባለፈው ወር ሰሚራ ከሥራ መጣችና ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ሙስጠፋ ነው። የቴሌግራም ቻናል ከፍቷል። አንተ የሰፋህለትን ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ለብዙ ዓመት ባደረግሁት ምርምር እያለ የክለቡን ታሪክ ይተርካል። ምርምር! የአንዱን ተጫዋች ስም እንኳ በትክክል መጥራት አልቻለም። የአንተን ስም አንድ ጊዜ ይጠራል ብዬ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ያንን ጃንጥላ የያዘ ሽማግሌ ሳይቀር እኔ ነኝ ያየሁት አለ።

ጆሮዬን ቀስሬ ስሰማው ደግሞ የሚያወራው ሁሉ ከንቱ ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ነው ያነበባቸው። በእሱ አነጋገር ያ የምትወደው አጥቂ ገና የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ጎል ያገባል፤ ክለቡም ሳይመሠረት ይሸነፋል። ግራውን ገጽ ከቀኙ ስላልለየም፣ የደንበኛህን የአቶ ዘለቀን የወገብ ልክ ወስዶ የአንድ ተከላካይ የጨዋታ ብዛት አደረገው። አቶ ዘለቀ ምን የሚያህሉ ሰውዬ እንደሆኑ ታውቃለህ። ሰሚራ በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስንት ሺህ ሰው በአውራ ጣት እያወደሰ ለአቶ ዘለቀ ሆድ ሲያጨበጭብ ማየት ምኑ ያስቃል?

አንድ ተመልካች ዓመቶቹ አይገጥሙም ብሎ ጻፈለት። ሙስጠፋ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁሉም ላይ በደፈናው ስምንት ደመረ። ጥቅምትም፣ ኅዳርም፣ ጥርም፣ ሚያዝያም፣ ለሁሉም ስምንት! የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታዎች ከመጨረሻዎቹ በኋላ ተገኙ። ቡድኑ መጀመሪያ ዋንጫውን በልቶ ከዚያ ውድድሩን ጀመረ ማለት ነው። አንተ አንድ ዓመት ውስጥ ገጥመህ ያስቀመጥከውን እሱ እንደ መጥፎ ሰፊ መሃሉ ላይ ቀደደው።

በማግስቱ ጠመንጃ ያዥ፣ ሙስጠፋ ወዳለባት ሱቅህ ሄድኩ። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ከሰው ጋር መተፋፈግ አልቻልኩም፣ የሁሉም ሰው እስትንፋስ አስጠላኝ። ሲያየኝ ወንበር አወጣልኝ፣ ለስላሳ አስመጣልኝ፣ እታለም አለኝ። የከድርን ስም ለምን አልጠራህም አልኩት። ስሙ ሰው አያመጣም አለኝ። ቁጥሩስ፣ ቁጥሩ ስህተት ነው አልኩት። ሳቀ። እታለም፣ ማን አውስትራሊያ ሄዶ ያረጋግጣል አለኝ። እንዲህ ብሎ ጥርሱን በስንጥር መጎርጎር ጀመረ። ወንድሜ ነው፣ አዝዬ ያሳደግኩት ነው፤ ግን በዚያች ደቂቃ ጣቱን፣ ስንጥሩን፣ የከንፈሩን ጠርዝ እያየሁ እንዲህ የጠላሁት ሰው በሕይወቴ አልነበረም። ያመጣልኝን ለስላሳ ሳልነካ ተነሣሁ።

ደብተሮቹን ስጠይቀው ያለ ክርክር መለሰልኝ። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ጨርሷቸዋል። ቤት ገብቼ ስከፍታቸው በቀይ እስክሪብቶ ጨማልቋቸዋል። የአንተን ዓመት ሰርዞ የራሱን ጽፏል፣ ገጽ በገጽ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ የቅባት ጣቱ አሻራ አለ። አንተ ዓይንህ እየደከመ፣ መስመር እንዳትስት በሜትርህ እየደገፍክ የጻፍካት የትልቁ ሽንፈት ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦባታል። መታጠቢያ ቤት ሮጬ ምሳዬን መለስኩት።

ዘመዶቻችን ለአንድ ደብተር ወንድምሽን ታኮርፊያለሽ እያሉኝ ነው። ሽማግሌም ተልኳል። ሰሚራ እንኳ ይህ ሁሉ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ክለቡ ራሱ ይዞታል፣ ምን ያናድድሻል ትለኛለች። ልክ ነች። ለክለቡ የጠፋበት ነገር የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አንተ ማንም በማያረጋግጥህ ቦታ በትክክል መቁጠርህ ነው፤ እሱ ደግሞ ማንም አያረጋግጥም ብሎ መዋሸቱ። ሁለታችሁ አንድ ማዕድ ላይ ለዓመታት በላችሁ። ለሽማግሌዎቹ ይህን ማስረዳት አቃተኝ፤ ስለ ኳስ የማወራ መሰላቸው።

አሁን ረፋድ ረፋድ ላይ ከስፌት መኪናህ አጠገብ እቀመጣለሁ። ቀዩን አይለቅም፣ ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ጎን ትክክለኛውን በሰማያዊ እየጻፍኩ ነው። ከስልኩ አወጣለሁ፣ ሰባት ወይ ስምንት እቀንሳለሁ፣ ሁለት ቦታ አያለሁ። ሁለተኛውን ደብተር ጨርሻለሁ። በረኛህ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ሳልነግርህ እንዳላልፍ።

ከድርዬ፣ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ወደዚህች ላለመድረስ ይመስለኛል። አምስተኛው ደብተር ላይ ስደርስ የሙስጠፋ ያልሆነ ስህተት እንደማገኝ አውቃለሁ። ቅዳሜ ቀን ነበር። ድስት ጥጃለሁ። አንተ ስንት ተመልካች ገባ ብለህ ጠየቅከኝ፣ ኔትወርኩ ደግሞ አልከፍት አለኝ። ቁሌቱ ሲያር ሸተተኝ። ከአፌ የመጣውን ቁጥር ነገርኩህና ተነሣሁ። ማን ያረጋግጣል ብዬ ነበር፤ በልቤ ያልኩት ቃል በቃል ይኸው ነው። በር ላይ ደርሼ ዘወር ስል አንተ አልጻፍክም፤ ፊትህን ወደ እኔ አዙረህ፣ እነዚያን ብዙም የማያዩ ዓይኖችህን ወደ እኔ ይዘህ ትንሽ ቆየህ። ከዚያ ዝቅ ብለህ ጻፍከው። ሁለተኛ አልጠየቅከኝም።

ወንድሜን የተጸየፍኩትን ያህል ያችን በር ላይ የቆመች ሴት ተጸይፌያታለሁ። አውቀህ ነው የጻፍከው ወይስ አምነኸኝ? የትኛው እንደሚብስብኝ አላውቅም። የትኛው ጨዋታ እንደነበረም ረስቻለሁ፤ ስለዚህ ያን ዓመት በሙሉ አንድ በአንድ ማየት አለብኝ። ሰው ሙታኑን በዱዓ ያስታውሳል፣ እኔም አደርጋለሁ። ቃሌ ግን ይህ ነው፦ ያችን መስመር እስካገኛት ድረስ አንድም ረፋድ ያለ አንተ አልቀመጥም። ሳገኛትም ትክክለኛውን ቁጥር እጽፍና ከጎኑ፣ ማንም ባያነበው፣ ስህተቱ የከድር አይደለም፣ የሚስቱ የዘሃራ ነው ብዬ እፈርማለሁ።

ዘሃራህ
ሰንጋ ተራ፣ ልደታ