«እኔን» በማለታችን ለተጣለብን እገዳ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የምሥራቅ ጠረፍ የአዳራሽ ውስጥ ፉትቦል ሊግ ኮሚሽነር
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም ለጉልበትዎ ብርታትን እመኛለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ያነሳሁበትን ምክንያት ከፊርማዬ በታች ያገኙታል። እስከዚያው እንደ ማንኛውም መልካም ምኞት ይቀበሉልኝ።

ዋለልኝ እባላለሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአሌክሳንድሪያ አንከርስ ቡድን ኪከር የሆነው የጊዲዮን አባት ነኝ። ኪከር ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ነውር ቢሆንም፣ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለሚያነቡ ወገኖቼ ስል እገልጸዋለሁ፤ በአሜሪካ ፉትቦል የሌላው ሰው ሥራ ኳሱን በእጅ ይዞ መሮጥና መጋጨት ሲሆን፣ የኪከር ሥራ ኳሱን በእግሩ መትቶ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ማሳለፍ ነው። በትልቁ ሊግ ኪከርን የሚነካው የለም ይባላል። በእርስዎ ሊግ ግን የተጫዋች ቁጥር ስለሚያንስ ኪከሩም ይሮጣል፣ ኪከሩም ይጋጫል። ኪከሩም ይወድቃል።

በአማርኛ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እሰጋለሁ። የእገዳ ደብዳቤዎ ጥፋታችንን ሲገልጽ «በማይታወቅ ቋንቋ፣ ትርጉሙ ምንም ይሁን ምን» ስለሚል፣ እኔም በዚያው በማይታወቀው ቋንቋ ብመልስ ትርጉሙ ያን ያህል እንደማያስቸግርዎ ገምቼ ነው። ልጄን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስልኝ ለምኜው ነበር። «ዳድ፣ ጀስት ሌት ኢት ጎ» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ። እኔ ሳሎን ቀረሁ። ልተወው ሞከርኩ። አልተቻለኝም።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ሊግዎ ለቤተሰባችን የዋለውን ውለታ መጥቀስ ይገባኛል። ልጄ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሲጨርስ ትልቁ ሊግ አልጠራውም። ከትልቁ ቀጥሎ ያለውም አልጠራውም። የእርስዎ ሊግ ጠራው። ጨዋታው የሚካሄደው በበረዶ ሆኪ አዳራሽ ሲሆን፣ በረዶው ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፋል፤ ከእረፍት በፊት ቅዝቃዜው በጫማችን ሶል ገብቶ ቅልጥማችን ላይ ይደርሳል፤ በዚህም በጋ ላይ እንኳ ክረምትን እንዳንረሳ ስላደረጉን እናመሰግናለን። የሜዳው ዳር መስመር አይደለም፣ ፍራሽ የለበሰ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ከሜዳ ወጥቶ የሚተርፍ ሰው የለም። ወይ ከግድግዳው ጋር ይላተማል፣ ወይ ከግድግዳው በላይ ተወርውሮ ተመልካች ጭን ላይ ያርፋል። የቡድናችን ባለቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለውጧል። አንድ ቅዳሜ ተጋጣሚያችን አውቶቡሱ ተበላሽቶ መንገድ ላይ ስለቀረ፣ የራሳችን ልጆች ለሁለት ተከፍለው እርስ በርስ ተጫውተዋል፤ ያን ቀን ባለሜዳው ቡድን ተሸነፈ ተብሎ የተመዘገበበት ጥበብ እስካሁን ይገርመኛል። በድምፅ ማጉያ ስሞችን የሚጠራው ሰው በእረፍት ሰዓት ናቾስ የሚሉትን የበቆሎ ቺፕስ ይሸጣል። ትጉህ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለማማረር አይደለም። በትልቁ ሊግ ወላጅ ልጁን የሚያየው በስክሪን ነው። እኔ ግን የልጄን ትንፋሽ እሰማለሁ። ኳሷን ከመምታቱ በፊት በአፍንጫው የሚያወጣት አጭር ትንፋሽ፣ ሕፃን ሆኖ ሊያስነጥስ ሲል የሚያወጣት ነበረች። ይህን ለማወቅ ሌላ ምን ዓይነት አዳራሽ ይገኛል?

በማሊያው ጀርባ የአባት ስም ስለሚጻፍ የሚሮጠው ዋለልኝ ነው። የሚወድቀውም። በግንባሩ ተደፍቶ ሲቀር ከወንበሬ የሚታየኝ የራሴ ስም ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር ተነጋግሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቹ።

አንደኛ፦ ለተጫዋቾች ቤተሰብ በነጻ የሚሰጠው መቀመጫ ክፍል አራት፣ የፊተኛው ረድፍ ነው። ሰው የሚወድቅበት ቦታ ስለሆነ ትኬቱን የሚገዛ አይገኝም። እዚያ የሚቀመጡት ባለቤቴ ባዩሽ፣ ጎረቤታችን ሰርካለም፣ ከፎልስ ቸርች ድረስ የሚመጡት እትዬ አሰፋሽ፣ እንዲሁም እነሱ በየሳምንቱ እየጎተቱ የሚያመጧቸው ሴቶች ናቸው። የጨዋታውን ሕግ አንዳቸውም አያውቁም። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «ለመሆኑ ማን አሸነፈ?» ብለው የሚጠይቁኝ እነሱ ናቸው። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሲወድቅ «እኔን» ይባላል። መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው እንቅፋት ቢመታው ይባላል፣ ሕፃን ከሶፋ ቢንሸራተት ይባላል። በእርሱ ፋንታ እኔን ድፍት ያድርገኝ ለማለት ነው፤ ረጅሙን ለመጨረስ ጊዜ ስለማይኖር መጀመሪያው ብቻ ከአፍ ያመልጣል። አስበውት አይሉትም። ክቡርነትዎ የሚመሩት ጨዋታ ደግሞ በየግማሽ ደቂቃው ቢያንስ አራት ሰው የሚወድቅበት ነው። እንግዲህ የሴቶቹን ድካም ይገምቱት። የኛ ልጅ ሲወድቅ እኔን። የእነሱ ሲወድቅ እኔን። ዳኛው ወደ ኋላ ሲሄድ ተደናቅፎ የወደቀ ቀንማ፣ ከሁሉ ጮክ ያለው እኔን።

ሁለተኛ፦ ከፔንስልቬንያ የመጣው ቡድን አንድ ተከላካይ አለው፤ በር የሚያክል ሰው። ጊዲዮንን ሊይዝ ተወርውሮ ሲስተው በግድግዳው ላይ አልፎ እትዬ አሰፋሽ ጭን ላይ ወደቀ። እትዬ አሰፋሽ ሄልሜቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «እኔን የኔ ጌታ፣ የቱ ጋ ነው የመታህ?» አሉት። «አይ አም ጉድ፣ ማም» አላቸው። «ተው እንጂ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ በል» አሉት፣ በአማርኛ። ክቡርነትዎ፣ ሰውዬው አረፈ። በምን እንደተግባቡ አላውቅም። በባዩሽና በእትዬ አሰፋሽ መካከል እንደተቀመጠ የሰርካለምን ውኃ ጠጥቶ፣ ዳኛው ፊሽካ እየነፋ ሲጠራው ሁለቱንም በእንግሊዝኛ አመስግኖ በመጣበት ግድግዳ ተመለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት አሠልጣኙ ለሊጉ አመለከተ። የእገዳ ደብዳቤዎ «በወደቀ ተጫዋች ላይ በኅብረት መጮህና ተጫዋችን ማዘግየት» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ፍትሕዎ ከልብ ላመሰግን እወዳለሁ። ክፍል ሰባት የሚቀመጡት ጎረምሶች ሰው ሲወድቅ በሚታወቅ ቋንቋ «እንዳትነሳ» እያሉ ይዘምራሉ። ትርጉሙ ግልጽ ስለሆነ ባለፈው ወር የምርጥ ደጋፊዎች ቲሸርት ተሸልመዋል። ሜዳሊያም ቢጨመርላቸው አይከፋኝም።

ሦስተኛ፦ ቅጣቱን በተመለከተ። ክፍል አራት እስከ ውድድሩ ፍጻሜ እንዲዘጋ፣ እኛም ላይኛው ደርብ እንድንቀመጥ፣ ከዚያም ሆነን ቃሉ ከተሰማ ለእያንዳንዱ ጊዜ ቡድናችን አሥራ አምስት ያርድ ወደ ኋላ በመመለስ እንዲቀጣ ወስነዋል። የእርስዎ ሜዳ ከጫፍ ጫፍ ሃምሳ ያርድ ነው። ባዩሽ ብቻዋን ከእረፍት በፊት ልትጨርሰው ትችላለች። ይህን ያህል ኃይል እንዳላት ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ እኔ ብቻ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

አራተኛ፦ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ጥያቄ ነው። እኔ ወንድ ነኝ በሚል ይሁን በፍርሃት፣ ቃሉን ጮክ ብዬ ብዬው አላውቅም። በሆዴ ግን እላለሁ። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት እጀምራለሁ፤ አንዳንዴ ሰኞ ጠዋት፣ መንገድ ላይ፣ ጨዋታ በሌለበት። በሆድ የሚባለው በእገዳው ይካተት እንደሆነ ደብዳቤዎ አይገልጽም። ቢያብራሩልኝ ራሴን ለማረም እጥራለሁ።

አምስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ያለፈው ቅዳሜ ነው። እርስዎም ውሳኔዎ መከበሩን ለማየት በአካል ተገኝተው ነበር። እኛ ላይኛው ደርብ፣ የሆኪ መረቦች ከሚከመሩበት አጠገብ ተቀምጠናል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ከታች ክፍል አራት ባዶ ነው፣ ወንበሮቹ ታጥፈዋል። በሦስተኛው ሩብ ጊዲዮን ኳሷን መትቶ የተቀበላትን ተጋጣሚ ሊይዝ ሮጠ፤ ከጎን የመጣ ሰው አነሳውና ከግድግዳው ጋር አላተመው። ልክ ክፍል አራት ፊት። ወደቀ። ስሜን አየሁት። አስተዋዋቂው ዝም አለ፣ ክፍል ሰባት እንኳ ዝም አለ። የባዩሽ እጅ ክንዴ ላይ ነበር። ጥፍሯ እስኪሰማኝ ድረስ። ማንም ምንም አላለም። አልተነሳም። የማቀዝቀዣውን ሞተር ድምፅ ሰማሁ፤ ለካ ሁልጊዜም እዚያ ነበር።

ከዚያ ተነሳ። ቀስ ብሎ። ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች አየና ወደ ቦታው ሄደ። ቡድናችን በሁለት ነጥብ አሸነፈ፣ እርስዎም ወደ ደርብ ወጥተው እጃችንን እየጨበጡ «ግሬት ክራውድ» አሉን። ስለ ምስጋናው እናመሰግናለን።

ፓርኪንግ ላይ ባዩሽ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ጎኑን እየዳሰሰች «ምንህን ነው? ለምን ቆየህ ታዲያ?» አለችው። እንደ ወትሮው «አይም ፋይን» ብሎ ቦርሳውን ኋላ ወረወረ። መኪናው ከተነሳ በኋላ፣ ድልድዩን ስንሻገር፣ ከኋላ ወንበር፣ ሳንጠይቀው፣ በአማርኛ ተናገረ። ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲመልስልን ዓመታት አልፈዋል። «ሁልጊዜ ስወድቅ እናንተ እኔን ትላላችሁ፣ ከዚያ እነሳለሁ» አለ። «ዛሬ ምንም የለም። የሞትኩ መሰለኝ።»

ባዩሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ መንዳቴን ቀጠልኩ። ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ መውጫችንን አልፌ ሄድኩ።

ክቡርነትዎ፣ በመጪው ቅዳሜ የሚደረገው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታችን ነው። አዲሱ ባለቤት ቡድኑ ለከርሞ እንደማይቀጥል አስታውቀዋል። ከእርስዎ ሊግ በታች ሌላ ሊግ ስለሌለ፣ ይህ የልጄ የመጨረሻ ጨዋታ ነው ማለት ነው። እናሸንፍ ብዬ አልጠይቅም። ልጄ እንዳይወድቅም አልጠይቅም፣ ያ ከሥልጣንዎ በላይ ነው። የምጠይቀው ክፍል አራት ለአንድ ቅዳሜ እንዲከፈት ነው። ሲወድቅ የሚሰማው ነገር እንዲኖር ነው። በምላሹ ባዩሽ ለፔንስልቬንያም፣ ለዳኞችም፣ አስፈላጊ ከሆነ ለክፍል ሰባትም ያለ አድልዎ እንደምትል ቃል ገብታለች። ያንን ቃል ባትገባም ትለው ነበር።

ውሳኔዎን ከላይኛው ደርብ፣ ከሆኪ መረቦቹ አጠገብ፣ አፋችንን በነጠላ ይዘን፣ ለሊጉ ክብርና ለጸጥታው መጠበቅ ባለን የማይናወጥ ታማኝነት የምንጠባበቅ፣

የጊዲዮን አባት፣ በማሊያው ጀርባ እንደተጻፈው፣
ዋለልኝ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ተጨማሪ፦ ያለፈው ቅዳሜ እጃችንን ጨብጠው ሲወርዱ፣ እርጥቡ ደረጃ ላይ አዳልጦዎት በአንድ ጉልበትዎ ወድቀው ነበር። ከኋላዎ የተሰማው ድምፅ የባለቤቴ ነው። እገዳው በጸናበት ሰዓት፣ በአዳራሹ ውስጥ፣ በማይታወቅ ቋንቋ። እርስዎም ትርጉሙን ሳይጠይቁ ዞር ብለው «ቴንክ ዩ» አሏት። ጥፋታችንን ስለማንክድ አሥራ አምስቱ ያርድ ይቆረጥብን። ባዩሽ ግን ይህን ደብዳቤ ሳነብላት አንድ ነገር ብቻ ጨምርልኝ ብላለች፤ ጉልበትዎ ተሻለው ወይ?