ሊስናፓስቲ ላይ ስለሚተከለው ዥዋዥዌ

ለተከበሩ አቶ ፊንባር ቱኢ
የአውራጃው ምክር ቤት የቅርስና የመዝናኛ ቦታዎች ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው ሳምንት ጋዜጣ ላይ አካፋ ይዘው ፈገግ ብለው ስላየሁዎት ደኅና መሆንዎን አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ጤናዎ እንዳይጓደል፣ ወገብዎም በዚያ አካፋ ምክንያት እንዳይታመም እመኛለሁ። እኛም በሊስናፓስቲ፣ ከዝናቡና ከቁፋሮ ማሽኑ ጩኸት በቀር፣ ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። እንግሊዛውያን ቀያሾች የመንደራችንን ስም ለጆሯቸው እንደመጣላቸው ጽፈውት ከሄዱ ወዲህ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀን ባለሥልጣን አልነበረም። እርስዎ ግን ጠየቁ፤ ስሙ በአይሪሽ ቋንቋ «ሊስ ና ባሽቺ»፣ ማለትም «የልጆች ቅጥር» መሆኑንም አረጋገጡ። ትርጉሙ ያለ እንከን ትክክል ነው። ከዚያም ከመንደሩ በስተጀርባ ያለውን፣ በጥንት የአፈር ካብ የተከበበውን ክብ ሜዳ ጎብኝተው ልጆቹ እዚያ ምን ያደርጉ እንደነበር ሽማግሌዎችን ስለጠየቁ፣ ዛሬ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ያለው የልጆች መጫወቻ እየሠሩልን ይገኛሉ። ስለዚህ በጎ ሥራዎ ያለኝን ጥቂት ቅሬታ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ልጅ ተጫውቶ አያውቅም። እዚያ ያሉት ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ናቸው። ያልተጠመቀ ልጅ በቤተ ክርስቲያን መቃብር አይገባም ስለተባለ፣ አባቶች ልጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ብቻቸውን ይዘው ሄደው እዚያ ይቀብሩ ነበር። ካህን አይመጣም፣ መስቀልም አይተከልም። በሕፃኑ ራስጌ አንድ ነጭ ድንጋይ ያኖሩና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ለእነዚያ ልጆች ስም ስላልወጣላቸው የሁላቸውም መታሰቢያ የቦታው ስም ነው።

ሁለተኛ፤ ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም ይሉ ይሆናል። የነገረችዎት እናቴ ወይዘሮ ሶርካ ሊድን ናት፤ ቃሏንና ስሟን በመጫወቻው በር ባቆሙት ሰሌዳ ላይ ስላሰፈሩላት ቤተሰባችን ከልብ ያመሰግናል። ሻይ ቀድታልዎ «ልጆቹ እዚያ ምን ያደርጉ ነበር?» ሲሏት «ይጫወቱ ነበራ፤ ልጅ ሌላ ምን ያደርጋል?» ብላ እንደመለሰችልዎ ያስታውሳሉ። እኛ ዘንድ ያንን ሜዳ ለእንግዳ ማውራት ቀርቶ ባልና ሚስት እንኳ እርስ በርሳቸው አያነሱትም፤ ሆድ ይፍጀው ተብሎ የተኖረ ነገር ነው። ሰሌዳው በቆመ ማግስት ግን እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ።

«ጎብኔት፣ ያንን ሰውዬ ዋሸሁት እኮ» አለችኝ። «ከረባት ያሰረ ሰው ቤቴ ተቀምጦ ዳቦዬን እየበላ፣ የበኩር ልጄ እዚያ ነው ያለው ብዬ እንዴት ልንገረው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ የቤታችን የበኩር ልጅ እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛ፤ እናቴ ቃሏን ለማረም በዚህ ዕድሜዋ ቢሮዎ ድረስ መጥታ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የተቀበለቻትን ወጣት ሠራተኛ ስለ ትሕትናዋ አመሰግናለሁ። «እማማ፣ አሁን እኮ ውሉ ተፈርሟል» አለቻት፤ ቀጥላም ልታጽናናት ብላ «ደግሞ እነሱም ልጆች ናቸው አይደል? ደስ ይላቸዋል» አለቻት። በኋላ የደረሰን የጽሑፍ መልስም ከዚህ ያላነሰ ጨዋ ነው፤ ለሰሌዳው የተሰጠው የመጀመሪያ ቃል በተናጋሪዋ በራሷ ፊርማ የጸና ስለሆነ በዚያችው በተናጋሪዋ ሊለወጥ እንደማይችል ያስረዳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላልና አልተከራከርንም።

የድንጋዮቹ ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል። በዚያ ዘመን አራስ ሴት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እስክትባረክ ድረስ ከቤት ስለማትወጣ፣ እናቴ ልጇ ሲቀበር አልነበረችም። ሟቹ አባቴ «ከእሾሃማው ዛፍ ሥር፣ ጫፉ የተሰበረው ድንጋይ» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ነግሯታል። ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ቃል ይዛ፣ ሰው ያየኛል ብላ ሳትሄድ ኖረች። ምስጢሩን ካወጣችልኝ በኋላ በእሑድ አብረን ሄድን። ለካስ የእርስዎ ሠራተኞች ቀድመውን ዛፉን ቆርጠው፣ ድንጋዮቹን ሁሉ ለቅመው፣ አጥበው በሩ አጠገብ ቆልለዋቸዋል፤ ለአበባ መደብ ዙሪያ እንደሚሆኑም ነገሩን። ጫፋቸው የተሰበረ ብዙ ነበሩ። እናቴ ቆማ ቆማ «የኔ የትኛው ነው?» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ መኪናው መለስኳት።

ክቡር ሆይ፣ ማሽኑ እንደማይቆም አውቃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አልቀየምም፤ እኛ ለዘመናት ዝም ብለን ዛሬ መጮኻችን ለራሳችንም አሳፍሮናል። ድንጋዮቹ እንኳ ቢመለሱ ማን የማን እንደሆነ የሚነግረን የለም። ስለዚህ የምጠይቅዎ ነገር የለኝም። እናቴም መጠየቅ ትታለች፤ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ትመለከታለች።

ላሳዩን የማይነጥፍ ትጋት፣ ስማችንን ተርጉመው ስላሳወቁን፣ ዥዋዥዌውም ዝገት የማይነካው እንዲሆን ስላደረጉ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ለቀጣዩ ቅርስ ፍለጋዎም ብርታቱን እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣው
የሶርካ ሊድን ሁለተኛ ልጅ፣
ጎብኔት ሊድን

ማስታወሻ፦ በመጫወቻው ምረቃ ላይ ሪባኑን እንድትቆርጥ ለእናቴ የላኩላት የግብዣ ካርድ ደርሷታል። ወደዚያ ሜዳ በክብር ስትጠራ የመጀመሪያ ጊዜዋ ስለሆነ እመጣለሁ ብላለች። ካርዱ «ልጆችዎን ይዘው ይምጡ» ስለሚል እኔን ይዛ ትመጣለች፤ ሌላው ቀድሞ እዚያው ስላለ ወንበር እንዳይያዝለት።